ሁለት ሰው፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ኩርባ

የወደቅነው በግራ ቦይ ውስጥ ነው። ኩርባው ደግሞ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ነበር። ወደ ቀኝ በሚታጠፍ ኩርባ ላይ በግራ ቦይ ውስጥ የተገኘ ሰው ምን እንዳጠፋ ለማወቅ ትራፊክ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም።

ቀኑ ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በማግስቱ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር እንጅባራ ላይ 80ኛ ዓመቱን ያከብራል፤ እኛም ከዳንግላ ተነስተን፣ አዲስ ቅዳምን አልፈን፣ ሽቅብ ወደ እንጅባራ እየወጣን ነው። ሞተሯ የአንዳችን የአጎት ልጅ ንብረት ናት። 150 ሲሲ፣ የህንድ ስሪት፣ ከኋላዋ ከፍ ብላ አፍንጫዋን የደፋች፣ ጎኗ ላይ "ስፖርት" የሚል ስቲከር የተለጠፈባት። ለሆነው ሁሉ ከጥፋቱ ግማሹን መውሰድ ያለበት ስቲከሩ ይመስለናል። አዲስ አበባ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከተፈቀደላቸው በቀር ሞተር ሳይክሎችን ከመንገዷ ስላስወጣች፣ ለወራት ሞተር ያየነው በስልካችን ላይ ብቻ ነበር። ስልካችን ላይ ያለው ደግሞ ማርክ ማርኬዝ ነው፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ተጋድሞ፣ ክርኑን አስፋልት ላይ እያስጎተተ። እንዲህ ዓይነት ነገር እያየ የከረመ ሰው አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ባዶ አስፋልት ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም።

ማን ይነዳ እንደነበር፣ ማን ከኋላ እንደተፈናጠጠ እዚህ አንጽፍም። እንዳንጽፍ ተስማምተናል።

አካባቢውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያኔ ፋግታ ለኮማ ከገባችሁ በኋላ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው የዲከረንስ ዛፍ ነበር። ገበሬው ይተክለው፣ ያሳድገው፣ ያከስለው ነበር፤ ከሰሉ በማዳበሪያ ታስሮ አዲስ አበባ ድረስ ይሄድ ነበር። ለገበሬው ገቢ ነበር፣ ለዓይን ያምር ነበር፣ ለሞተረኛ ግን ግድግዳ ነበር። የኩርባውን መጨረሻ አያሳይም ነበር። እኛ በ70 ገደማ ገባን። ከፊት ያለው እንደ ማርኬዝ ወደ ቀኝ ተጋደመ። ከኋላ ያለው መሬቱ ወደ ጉልበቱ ሲቀርብበት ደንግጦ ቀጥ አለ፤ እንዲያውም ወደ ግራ ዘመም አለ። በዚህ መሐል ከዲከረንሱ ጀርባ ከሰል የጫነ አይሱዙ ብቅ አለ፤ የከተማ ሰው አንድ ሰሞን "አልቃይዳ" ብሎ ስም ያወጣለት ያው አይሱዙ። ከፊት ያለው አይሱዙውን አየ። አየ ብቻ ሳይሆን ዓይኑ እዚያው ቀረ። ነዳጁን ለቀቀ፣ ፍሬን ነካ፣ ሞተሯ ቀና አለች፣ ቀና ያለች ሞተር ደግሞ አትታጠፍም። በአይሱዙው አፍንጫ ስር አቋርጠን ቦይ ውስጥ ገባን።

ሾፌሩ ቆመ። ወረደ፣ ነፍስ እንዳለን አየ፣ ከዚያ በኋላ ሰደበን። ስድቡ የሚገባን ነበር። ለሌላ ተሽከርካሪ ምልክት ሰጥቶ፣ ሞተሯን ከነታጠፈ መሪዋና ከነተሰበረ ስፖኪዮዋ አስጭኖ ወደ እንጅባራ ላከን። ከሁለታችን የአንዱ የትከሻ አጥንት ተሰብሯል። የሌላው የተሰበረው ሌላ ነገር ነው፤ እስከ ማታ አልተነጋገርንም። ስንነጋገር ደግሞ እንዲህ ሆነ፦

"ቀጥ ባትል ኖሮ እናልፈው ነበር!"

"አንተ ባትከንፍ ኖሮ ቀጥ አልልም ነበር!"

ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ የተዋወቁ ሁለት ሰዎች በዚህ ዓይነት ክርክር ጓደኝነታቸውን ሊጨርሱ ይችላሉ። እኛም ተቃርበን ነበር።

ነገሩን በሂሳብ እንየው ብለን የተረጋጋነው ቆይተን ነው። ራዲየሱ 50 ሜትር የሆነ ኩርባ እንውሰድ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የገባ ሞተር ሚዛኑን ለመጠበቅ 21 ዲግሪ ገደማ መጋደም አለበት። በ70 ሲሆን 38 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ፍጥነቱ በሃያ ኪሎ ሜትር ጨመረ፣ መጋደሙ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህ ዕዳ ነው፤ ማንም አይሰርዘውም። ነገር ግን ዕዳው የተጻፈው በሞተሯ ብቻ ሳይሆን በሞተሯና በሰዎቹ የጋራ ክብደት ላይ ነው። ሰውየው ገላውን ወደ ኩርባው ውስጥ ካወጣ ሞተሯ ያን ያህል መጋደም አይጠበቅባትም፣ የእግር መርገጫዋ ከአስፋልቱ ይርቃል። ሰውየው ወደ ውጭ ከሸሸ ደግሞ የእሱንም ድርሻ የምትከፍለው ሞተሯ ናት። እነ ማርኬዝ ከወንበር ወርደው የሚንጠለጠሉት ለፎቶ አይደለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ፊንላንዳዊው ያርኖ ሳሪነን፣ ከእሱም በኋላ አሜሪካዊው ኬኒ ሮበርትስ በዚህ አነዳድ ሲመጡ ከሞተራቸው ጋር እንደ አንድ ምሰሶ ቀጥ ብለው መጋደም የለመዱት የእንግሊዝ ጌቶች ዘመን አለፈባቸው። ሮበርትስ ከ1978 እስከ 1980 ሦስት ዓመት በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

አሁን የእኛን እንይ። ሞተሯ 140 ኪሎ ገደማ ናት። እኛ ሁለታችን ተደምረን 130። ማለትም ኩርባው ውስጥ ከገባው ክብደት ግማሽ የሚጠጋው ሥጋ ነው! ከእሱም ግማሹ ወደ ግራ ሲሸሽ ሞተሯ ሦስት አራት ዲግሪ ተጨማሪ ተጠየቀች። ኋለኛው ጥፋተኛ ነው ማለት ነው? ለአንድ ቀን ያህል እንዲህ ይመስል ነበር፤ ፊተኛውም በጣም ደስ ብሎት ነበር።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ። የዓድዋን አርበኞችና አብረዋቸው የዘመቱትን ፈረሶች ለማሰብ ነው የሚባለው። ጥር 23 ጊዮርጊስ ነው፤ እሱም ፈረሰኛ ነው፣ ቀኑ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። እንጅባራ ያን ቀን በፈረስ ትሞላለች። ግላሱ፣ ቃጭሉ፣ አቧራው… ይህን ሌላ ሰው ቢጽፈው ይሻላል፤ እኛ ያየነው ሌላ ነገር ነው። አንዳችን ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ፣ ሌላችን አኩርፎ፣ የሜዳው ጫፍ ላይ ቆመን ፈረሰኞቹ ሲዞሩ እናያለን። ሁሉም የሚዞሩት በአንድ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ዓይን፣ ከዚያ አገጭ፣ ከዚያ ትከሻ፣ ፈረሱ መጨረሻ ላይ ይከተላል። ጉግስ ሲሆን ደግሞ ሸሺው ወገቡን አዙሮ ጀርባውን በጋሻ ይከልላል፣ እግሮቹ ግን የፈረሱን ጎን እንደያዙ ናቸው። ከወገብ በታች የፈረሱ፣ ከወገብ በላይ የራሱ። እኛ ሞተሯ ላይ ተቃራኒውን ነበርን፤ እግራችን ልል፣ ክንዳችን ግን የግንድ ያህል ደርቆ።

አጠገባችን የቆሙ አንድ አዛውንት የታሰረውን ክንድ አይተው ጠየቁን።

"ፈረስ ጣላችሁ እንዴ ልጆቼ?"

"ሞተር ነው አባቴ።"

"ምን አይታችሁ ነበር?"

ምን ሆናችሁ ሳይሆን ምን አይታችሁ። አይሱዙ አልናቸው። ሳቁ። ፈረስም እንዲሁ ነው አሉ፤ ጋላቢው ገደሉን ካየ ወደ ገደሉ ነው። ቀጥለው በልጓም ስለሚንጠለጠል ጋላቢ ነገሩን፤ ሲፈራ ዛቡን ጨምድዶ ይይዛል፣ የፈረሱን አፍ ያደማል፣ ፈረሱም ራሱን መቻል ሲችል በሰውየው ድንጋጤ ይደነግጣል። ከኋላ የተፈናጠጠ ሰውስ? ብሎ ጠየቀ ከሁለታችን አንዱ፤ የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። አዛውንቱ ትንሽ አሰቡና፣ ልጅ ሆነው ከአባታቸው ኋላ ሲፈናጠጡ የሚያዩት በአባታቸው ትከሻ አልፈው እንደነበር ነገሩን። "ጀርባውን ብቻ ካየህማ የት እንደምትሄድ በምን ታውቃለህ? ሳታውቅ ደግሞ ትፈራለህ።" ከዚያ ወደ ፊተኛው ዞረው "አንተስ ነግረኸው ነበር?" አሉት።

አልነገረውም። እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚይዝ፣ የት እንደሚያይ አንድም ቃል አልነገረውም። ማርኬዝ ከኋላው ሰው አፈናጥጦ ስለማይወዳደር በቪዲዮው ላይ አልነበረም።

ትከሻው ሲድን፣ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ዳንግላ ተመልሰን ገላጣ ሜዳ ላይ የውሃ ኮዳ ደርድረን ተለማመድን። ያገኘነው ነገር ለሚጠቅመው እንዲህ ነው። ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት ነው፤ ውስጥ ከተገባ በኋላ ነዳጁ በትንሹ እንደተያዘ ይቀጥላል። ገላን ማዘጋጀትም እንዲሁ ቀድሞ ነው፤ ተጋድሞ ሳለ የሚንቀሳቀስ ሰው ሞተሯን ይንጣታል። ለማጋደል መሪውን ወደምትሄዱበት በኩል ወደ ፊት ትገፋላችሁ፤ ወደ ቀኝ ለመሄድ ቀኙን። (የማያምን በብስክሌት ይሞክረው። አውሮፕላን የሠሩት ወንድማማቾች ብስክሌት ጠጋኝ ስለነበሩ ዊልበር ራይት ይህን አስተውሎት ነበር፤ አብዛኛው ነጂ ግን እጁ እያደረገው አያውቀውም።) የውጭው ጭን ሳልባትዮውን ይይዛል፣ እጅ ስለዚህ ነፃ ይሆናል። ደረት ዝቅ ብሎ ወደ ውስጠኛው ስፖኪዮ ይጠጋል። መቀመጫን ከወንበር ማውረድ ለመንገድ አያስፈልግም፤ ትከሻ ብቻ ይበቃል። ኋለኛው በፊተኛው የውስጥ ትከሻ በኩል ኩርባውን ያያል፣ ሌላ ምንም አያደርግም። ይኸው ነው። ካየ አብሮ ይጋደማል።

ኮረኮንች ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሞተሯን ከስራችሁ ታጋድሟታላችሁ፣ ገላችሁ ቀጥ እንዳለ ይቆያል፣ ክብደት በውጭው እግር መርገጫ ላይ ነው፤ ጎማው ቢንሸራተት እናንተ ገና ቆማችኋል። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ቀበሌ የሚነዳ የጤና ባለሙያ ወይም የግብርና ሠራተኛ ይህን ያለ ቪዲዮ ያውቀዋል።

ያቺን ኩርባ እንደገና አለፍናት፣ በ45። እዚያ ስንደርስ ገባን፤ በ70ም ቢሆን ሞተሯ ገና መጋደም ይቀራት ነበር። ጎማው አልከዳም፣ መርገጫው አልነካም። ተስፋ የቆረጥነው እኛ ነን፣ ሁለታችንም በአንድ ሰከንድ ውስጥ፣ አንዱ በገላው ሌላው በዓይኑ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ጦርነት ከገባ በኋላ በዚያ መንገድ አልነዳንም። የአጎት ልጅ ሞተሯን ሸጧታል። ስቲከሩን ግን ልጦ አስቀምጦልናል፤ ማን ይውሰደው በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።