«ሥራው ያንተ ነው» ብለነው ነበር



ከወጣቶቻችን አንዱ ባለፈው ዓመት ለኢንተርቪው ተጠራ። ለሆቴሎችና ለሱቆች የሽያጭና የሂሳብ ሶፍትዌር የሚያቀርብ የቴክኖሎጂ ድርጅት ነው፤ ሥራው ጀማሪ የሽያጭ ሠራተኛነት፣ ደመወዙ አነስተኛ፣ የቀረው በኮሚሽን። ልጁ ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጧል። እናቱ ሲቀላ ሙዝ ይሸጣሉ። «ሙዝ ሸጬ አስተምሬው ተመልሶ ሻጭ ሊሆንብኝ?» ብለው ቅር አላቸው።

እውነቱን እንናገርና እኛ መጋቢና ሽማግሌዎችም ከእርሳቸው አልተሻልንም። ስንጸልይለት በልባችን የነበረው ወንበርና ጠረጴዛ ያለው ሥራ ነበር። የፊልጵስዩስ አማኞች የተቀበሉት በነጋዴዋ በልድያ ቤት እንደሆነ (ሐዋ. 16፥14-15፣ 40) ስንት ጊዜ ሰብከናል!

ያም ሆኖ ልናዘጋጀው ተሰበሰብን። በነገረ መለኮት ኮሌጅ ስብከት ማዘጋጀት ተምረናል፤ ሥራ ፈላጊን ማዘጋጀት ግን ማንም አላስተማረን። ከመካከላችን አንዱ ባለ ሆቴል፣ ሌላው ቀጣሪ ሆነን ጠየቅነው። «ልምድ አለህ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ዝም አለ። «ሁለት ዓመት በንግድ ሠርቻለሁ በል፤ ማን ያጣራል?» አልነው። «ፓስተር፣ ይሄ ውሸት አይሆንም?» አለን። ሳቅን። ስለ አባይ ሚዛን (ምሳ. 11፥1) ለነጋዴዎች የምናስተምረው እኛው ነን።

እሑድ ወደ ፊት ጠርተን እጅ ጫንበት። በዚያ ሙቀት ውስጥ «ሥራው ያንተ ነው ይላል ጌታ» የሚል ቃል ወጣ። ጉባኤው እልል አለ፤ እኛም አሜን አልን።

ኢንተርቪው ላይ እንዳስጠናነው አልመለሰም። ልምድ እንደሌለው ተናገረ። ያለውንም ነገራቸው፦ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ከተጀመረ በኋላ ለእናቱ በቁልፍ ስልካቸው *127# ደውለው ገንዘብ መቀበልን አስተምሯቸዋል፤ ከዚያም አጠገባቸው የሚሸጡትን ሴቶች አንድ በአንድ። ማንበብ የማይችሉት በቁጥሩ ቅደም ተከተል እንዲያስታውሱት አድርጓል። ይህን ልምድ እኛ አላየነውም ነበር፤ ሁልጊዜ ሙዝ የምንገዛው ከእነዚያ ሴቶች ሆኖ ሳለ!

ቀጥለው ፈተኑት። «መብራት ሲጠፋ ሲስተሙ እንደማይሠራ ታውቃለህ፤ የወሩ ኮታህ ሊሞላ አንድ ደንበኛ ቀርቶሃል። ባለ ሆቴሉ ስለ መብራት ቢጠይቅህ ምን ትለዋለህ?» «አይሠራም እለዋለሁ። ከዚያ ጄኔሬተር እንዳለው እጠይቀዋለሁ» አለ። እኛ ብንሆን ይህን መልስ እናገኘው ነበር? እንጃ።

ከሳምንት በኋላ ደወሉለት፤ ልምድ ያለው ሰው መርጠዋል።

ሁለት እሑድ ከጉባኤ ቀረ። ያፈረ መስሎን ነበር። ቤቱ ስንሄድ እናቱ ቡና አፈሉልን፤ እርሱ መሬት መሬት እያየ ተቀመጠ። በመጨረሻ፣ «ፓስተር፣ እነሱ እንኳ ደውለው ከነምክንያቱ አልሆነም አሉኝ» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

«እግዚአብሔር ሌላ በር ይከፍታል» የሚለው የተለመደው ቃል አፋችን ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥነው። በጌታ ስም ተነግሮ ያልሆነ ነገር ምን እንደሚባል ዘዳግም 18፥22 ላይ ተጽፏል፤ እናውቀዋለን። በ2011 ዓ.ም. መስከረም በዚሁ ከተማ ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። በአገራችን ሽማግሌ ለልጅ መንበርከክ አዲስ ነገር አይደለም። እኛ ሣር አልያዝንም፤ ግን ከበርጩማው ወርደን፣ «ጌታ አላለም። ምኞታችንን በስሙ ተናገርን። ዋሽም ብለንህ ነበር። ይቅር በለን» አልነው። እናቱ ጀበናውን አስቀምጠው አለቀሱ። እርሱ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ አነሣን።

በቀጣዩ እሑድ ያንኑ በጉባኤው ፊት ደገምነው። አንዳንዶች «የመጋቢ ክብር ይነካል» ብለው አዘኑብን፤ እስከ ዛሬም ያልተዋጠላቸው አሉ።

ልጁ የፊታችን ረቡዕ ሌላ ኢንተርቪው አለው፤ ይህም የሽያጭ ነው። ማታ ማታ በአዳራሹ እንለማመዳለን። ባለ ሆቴል የሚሆኑት አሁን እናቱ ናቸው፤ ዋጋ ሲከራከሩ የሚችላቸው አልተገኘም። ትናንት ማታ ሃያ ደቂቃ ተከራክረውት ሳይገዙ ሄዱ።