ፍጻሜው የታወቀ ፊልም

ስላያችሁት ፊልም ድርሰት ጻፉ ብትባሉ ምን ትጽፋላችሁ? በአስተማሪነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ለዘጠነኛና ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ደጋግሜ አቅርቤአለሁ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ተማሪው ብዕሩን ያነሣና «በመጀመሪያ እንዲህ ሆነ፤ ከዚያም እንዲህ ሆነ» እያለ ታሪኩን ከሥር እስከ ጫፍ ይዘረዝራል። በስተመጨረሻም «ፊልሙ በጣም ጥሩና አስተማሪ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እንዲህ ያለውን ድርሰት ያነበበ ሰው ታሪኩን ያውቅ ይሆናል፤ ፊልሙ ግን በዓይነ ልቡናው አይታየውም። ያው ተማሪ ከክፍል ወጥቶ ከጓደኛው ጋር ሲጫወት ብትሰሙት ስለ ታሪኩ አያወራም። «እናቲቱ በሩ ላይ ቆማ ዝም ያለችበትን ቦታ አየኸው?» ነው የሚለው። እኔ በወረቀት ላይ የምፈልገው ድርሰት በእረፍት ሰዓት በደጅ ይነገር ነበር ማለት ነው።

ይህን ለማስረዳት ፍጻሜው አስቀድሞ የታወቀ ፊልም መምረጥ ይሻላል። የሚሆነውን የማናውቅ እንደ ሆነ «ቀጥሎስ?» የሚለው ጉጉት ብቻውን ወንበራችን ላይ ያቆየናል። የሚሆነውን ካወቅን ግን ፊልሙ እኛን የሚይዝበት ሌላ ነገር ሊኖረው ይገባል።

አሰላ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዙሪያዋ የገብስና የስንዴ ማሳ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ፤ ከዐሥር ልጆችም አንዱ ነበር። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ ወሬውን በሬዲዮ የሰማ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በሐምሌ 1988 ዓ.ም. ደግሞ እርሱ ራሱ በአትላንታ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትርን በ27 ደቂቃ ከ7.34 ሰከንድ ፈጽሞ የወርቅ ሜዳልያ አጠለቀ። ይህን ታሪክ የሚያሳየው ፊልም «ኢንዱራንስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ጽናት ማለት ነው። አዘጋጁ እንግሊዛዊው ሌስሊ ዉድሄድ ሲሆን ካሠሩት ሰዎች አንዱ ታዋቂው አሜሪካዊ ቴረንስ ማሊክ ነው። ፊልሙ በግንቦት 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሕዝብ ሲቀርብ «ኃይሌ ያሸንፍ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች አልነበረም።

ታዲያ ምኑ ይታያል? በፊልሙ የመጀመሪያ ክፍሎች ንግግር ጥቂት ነው፤ ሥራ ግን ብዙ ነው። መሬት ይታረሳል፤ ውኃ ይቀዳል። አንድ ትንሽ ልጅም ይሮጣል። ሕፃኑን ኃይሌ ሆኖ የሚጫወተው ዮናስ ዘርጋው ነው፤ ኃይሌ አጎቱ ነው። ዮናስ በትወና የሠለጠነ አልነበረም። አንድ የሠለጠነ ተዋናይ የአርሲን ገበሬ ልጅ ንግግር አጥንቶ ሊናገር ይችል ይሆናል፤ በዚያ ቀጭን አየር፥ በዚያ ዳገት፥ ያለ ምንም ጭንቀት መሮጥን ግን በልምምድ ክፍል አያገኘውም። አዘጋጁ ይህን በሚገባ የተረዳ ይመስለኛል። የማያውቁትን እንዲያስመስሉ ከማስገደድ ይልቅ የሚያውቁትን ሲሠሩ ካሜራውን አቁሞ ጠበቃቸው።

የኃይሌ ትምህርት ቤት ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለ ነበር ጧትና ማታ ይሮጥ ነበር። ደብተሮቹን ይዞ መሮጥ ስለ ለመደ፥ በዓለም የታወቀ ሯጭ ከሆነ በኋላ እንኳ ግራ ክንዱ ደብተር እንደ ያዘ ሰው ክንድ ታጥፎ ይቀር ነበር። እንግዲህ አስቡት። ደብተር ይዞ የሚሮጠውን ሕፃን ብቻውን ብናየው የትምህርት ሰዓት ያለፈበት ልጅ ነው። ክንዱን አጥፎ በስታዲየም የሚሮጠውን ሰው ብቻውን ብናየው አሯሯጡ ጥቂት ለየት ያለ ሯጭ ነው። ሁለቱን ትዕይንቶች በአንድ ፊልም ውስጥ ስናያቸው ግን በአንዳቸውም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ነገር ይወለዳል። ደብተሩ ከሰውየው ክንድ ሥር አሁንም ያለ ይመስለናል። ይህን በቃል የነገረን ማንም የለም።

የሩሲያው የፊልም ባለሙያ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት አደረገው የሚባለው ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የአንድን ተዋናይ ፊት የሚያሳይ አንድ ምስል ወስዶ፥ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፥ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ከሴት ምስል ጋር አቀጣጠለው። ተመልካቾቹም ተዋናዩ ረኃብን፥ ኀዘንንና ፍቅርን እንዴት አድርጎ እንደ ገለጸ አደነቁ ይባላል። ፊቱ ግን በሦስቱም ጊዜ ያው ነበር። አንድ ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ በያዘው ቦታ ሙያው እንደሚለወጥ በሰዋስው ትምህርታችሁ ተምራችኋል፤ ትዕይንትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ስለ ተዋናይ ስትጽፉ ከፊቱ ቀድሞ ምን እንደ መጣ፥ ከኋላውም ምን እንደ ተከተለ ሳታስተውሉ ምስጋናውን ሁሉ ለፊቱ አትስጡ።

አሁን ወደ ከባዱ ትዕይንት እንምጣ። ኃይሌ ገና ልጅ ሳለ እናቱ ሞተውበታል። በፊልሙ የእናቲቱን ቦታ የያዘችው የኃይሌ እኅት ናት። እኔ ይህን ሳላውቅ ፊልሙን አንድ ጊዜ አይቼው ነበር። ካወቅሁ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ሳየው ግን ወንበሩ አልመቸኝም። ይህች ሴት የሞቱባትን እናቷን ሆና ትጫወታለች። ሌላ ተዋናይት ብትሆን ኖሮ እናቲቱን ለማግኘት መጠየቅ፥ መገመት፥ መለማመድ በተገባት ነበር፤ ለእርሷ ግን ማስታወስ ይበቃል። ሻሽ እንዴት እንደሚታሰር፥ ልጅ ከውጭ ሲገባ ፊት እንዴት እንደሚዞር፥ ሲደክም እጅ የት እንደሚያርፍ እዚያው ቤት ውስጥ በልጅነቷ አይታዋለች። ለቅሶ ቤት የሟችን ልብስ አንሥቶ እያሳየ የሚያለቅስ ዘመድ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። በዚያች ሰዓት ልብሱ ልብስ ብቻ አይደለም፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሟቹን በውስጡ ያየዋል። እኅቲቱ ለካሜራው ያደረገችው ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ ልዩነቱ በልብሱ ፈንታ የራሷን ገላ ማቅረቧ ነው።

ይህን ከሰው መጠየቅ ተገቢ ነውን? በበኩሌ ሁለት ሐሳብ አለኝ። ትዕይንቱን ከፊልሙ አውጡት ብባል አላወጣውም፤ ያለ እርሱ የልጁ ሩጫ የስፖርት ወሬ ይሆናልና። ያቺ ሴት ያን ቀን ሥራው አልቆ ካሜራው ሲጠቀለል ወደ ቤቷ ምን ይዛ እንደ ገባች ማሰቡን ግን መተው አልቻልሁም።

ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ብርታት አለው ማለቴ አይደለም። ንግግር በሚረዝምባቸው ቦታዎች ተጫዋቾቹ በቃላቸው ያጠኑትን እንደሚያነበንቡ ተማሪዎች ይሆናሉ። የጆን ፓወል ሙዚቃም አንዳንድ ጊዜ ከትዕይንቱ ቀድሞ ይሮጥና «አሁን እዘኑ፤ አሁን ደስ ይበላችሁ» ብሎ ያዘናል። ሩጫን እንደ ቁም ነገር ባልቆጠሩት አባትና በልጁ መካከል ያለው ጉዳይም ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይገባው ነበር።

ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚወስደው የአርሲ መንገድ በሌላም ፊልም ውስጥ አለ፤ በዚያኛው ግን የምትሄደው ሴት ልጅ ናት። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ በሚል ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጉዳዩን ያዙላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ ለቀቃት። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ይህን መነሻ አድርጎ ያዘጋጀው ፊልም «ድፍረት» ይባላል። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የርእሱን ቃል ልብ በሉት፤ «ደፈረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በእኛ ቋንቋ ሰው ደፍሮ እውነት ሲናገርም ያው ግስ ነው፤ በልጅቷ ላይ የተፈጸመው ግፍም የሚጠራው በዚያው ግስ ነው። ፊልሙ በሁለቱ ትርጓሜዎች መካከል ይሄዳል።

ልጅቷ በሜዳው ላይ ብቻዋን ስትሄድ ፈረሰኞች ይመጣሉ። በአርሲ ፈረስ የክብርና የደስታ አጀብ ነው፤ ሠርግ ያለ ፈረሰኛ አያምርም። የፈረስ ኮቴ ስንሰማ ልባችን የሚዘጋጀው ለእልልታ ነው። በዚህ ትዕይንት ያው ድምፅ፥ ያው ሜዳ፥ ያው ውበት ሲዞርባት እናያለን። የልጅቷን ቦታ የያዘችው ትዝታ ሀገሬ ከምትናገረው ይልቅ ዝም የምትልበት ይበልጣል። ጠበቃዋን ሆና የምትጫወተው ሜሮን ጌትነትም እንባዋን አላባከነችም፤ የተማረች ሴት ቁጣዋን እንዴት አድርጋ በሥርዓት እንደምትይዝ አሳይታለች።

እኔ ግን ከሁሉ የምመርጠው ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚመክሩበትን ነው። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች ሆነው አልተሣሉም። በተራ ይናገራሉ፤ አንዱ ሌላውን ያከብራል፤ ንግግራቸው የሰከነ ነው። አያቶቻችንን ይመስላሉ። ጉዳይዋ የሚታይባት ልጅ ግን በመካከላቸው የለችም። አዘጋጁ ሽማግሌዎቹን የሚጮኹና የሚሳደቡ አድርጎ ቢያቀርባቸው ኖሮ «እነዚህ ሌሎች ናቸው» ብለን በቀላሉ በተገላገልን ነበር። ጨዋነታቸው መውጫ ያሳጣናል። በዚህ ጉዳይ ሊታለፍ የማይገባው ሌላም ነገር አለ። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ተመልካቹ ተሰብስቦ ሳለ፥ ታሪኩ የራሷ የሆነው ሴት ያቀረበችውን ክስ ተከትሎ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋረጠ፤ የታየውም ከዚያ በኋላ ነው። በእውነተኛ ሰው ሕይወት ላይ የተሠራ ትዕይንት ባለቤት አለው።

የ«ኢንዱራንስ»ን የመጨረሻ ትዕይንት እስካሁን ሳልነካው የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የአትላንታውን ውድድር ለፊልሙ የቀረጸው በኦሊምፒክ ፊልሞቹ የታወቀው አሜሪካዊው በድ ግሪንስፓን ነው። እስከዚህ ድረስ ያየነው ሁሉ ከሆነ በኋላ እንደገና የተሠራ ነበር፤ ሕፃኑም፥ እናቲቱም፥ መንገዱም። ይህ ግን ሲሆን የተያዘ ነው። ሩጫው 25 ዙር ነው። አምስት ዙር ያህል ሲቀር ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ፍጥነቱን ጨመረ፤ ኃይሌ ተከተለው። ወደ መጨረሻው ዙር ሲቃረቡ ኃይሌ አልፎት ወጣ። ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ8.17 ሰከንድ ሲገባ በመካከላቸው አንድ ሰከንድ እንኳ አልነበረም። የአትላንታ መም ጠንካራ ስለ ነበር የኃይሌ እግር ክፉኛ ቆስሎ በ5,000 ሜትር ሳይወዳደር ቀርቷል። እኛ ፍጻሜውን እናውቃለን፤ በመሙ ላይ ያሉት ሁለቱ ሰዎች ግን አያውቁም። ይህን አለማወቅ የትኛውም ተዋናይ ሊጫወተው ይቸግረዋል።

ፊልሙን ያገኛችሁ እንደ ሆነ በዚያች የመጨረሻ ዙር ሁሉም የሚያየውን ኃይሌን ለጥቂት ጊዜ ተዉትና ከኋላ ያለውን ቴርጋትን ተመልከቱ። አዘጋጅ አላዘዘውም፤ የሚናገረውም ቃል የለውም። ባለው ኃይል ሁሉ እየሮጠ ከፊቱ የሚያየው አንድ ጀርባ ብቻ ነው፤ አንድም የታጠፈ ክንድ።