ውሻ በቀደደው

የአገራችን ሰው ለውሻው የሚያወጣው ስም ብዙውን ጊዜ ለውሻው የታሰበ አይደለም። ለጎረቤት፣ ለባላንጣ ወይም ለገዛ ዕድል የተወረወረ መልእክት ነው፤ ውሻው በተጠራ ቁጥር መልእክቱ አጥር ተሻግሮ ይሰማል። በቢቸና ከተማ ዳርቻ ይኖሩ የነበሩ አንድ መምህርም ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዘው ከቆዩ በኋላ ጡረታ ሲወጡ አንድ ቡችላ አሳደጉና «ማን ያውቃል» ሲሉ ሰየሙት። መልእክቱ ለማን እንደ ሆነ ለባለቤታቸው እንኳ አልነገሩም። ቡችላው አድጎ መዳፉ ሲጠነክር ግን ስሙ ራሱ ነገር ማምጣት ጀመረ። ከገጠር ለእንግድነት የመጣ አንድ ዘመዳቸው ጠዋት ተነሥቶ ግቢው እዚህም እዚያም ተቆፋፍሮ ቢያየው፣

«ጋሼ፣ ግቢውን እንዲህ ያረሰው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ማን ያውቃል» አሉት።

«በገዛ ግቢዎ እንዴት አያውቁም?»

«ነገርኩህ እኮ፤ ‹ማን ያውቃል› ነው!»

እንግዳው ምስጢር የተሸሸገው መስሎት እንደ ማኩረፍ አለ። ነገሩ ሲገለጥለት ሁሉም ሳቁ። ይሁንና ከሳቁ በስተጀርባ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነበር። ቆፋሪውስ ታወቀ፤ የሚቆፍረው ግን ለምንድን ነው?

መምህሩ መጀመሪያ ላይ ይህን እንደ ጥያቄ አልቆጠሩትም። ውሻ ይበላል፣ ይጮኻል፣ ያበላሻል፤ ከዚህ ያለፈ ምክንያት አይፈለግለትም የሚል አስተሳሰብ በብዙ ቤት ያለ ነው። ውሻ በእኛ ዘንድ ከደጅ የሚኖር፣ ከትራፊ የሚበላ፣ ደፍ እንዳያልፍ የተከለከለ ፍጡር ነው። አጥር ይጠብቃል እንጂ ከአጥሩ ውስጥ ድርሻ የለውም። ስለሆነም መምህሩ ከሰዓት በኋላ ከከተማ ሲመለሱ አዲስ ጉድጓድ ባገኙ ቁጥር ውሻውን ከተኛበት ቀስቅሰው፣ እየጎተቱ ወደ ጉድጓዱ ያመጡና አፍንጫውን አፈሩ ላይ ደፍቀው በአርጩሜ ይገርፉት ነበር። ጆሮውን ጥሎ ጭራውን ሲሸጉጥ ጥፋቱን ያመነ ይመስላቸዋል። በነጋታው ግን ሌላ ጉድጓድ ይገኛል።

የቢቸና መሬት ደግሞ ለመቆፈር የሚጋብዝ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ይህች የእነማይ ወረዳ ከተማ በጤፍ ምርት የታወቀች ስትሆን፣ ዙሪያዋን የከበባት መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት እግር ይዞ አልለቅም የሚል፣ በበጋ ደግሞ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ አፈር ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የሚደክም ፍጡር በዋዛ አይደክምም። መምህሩ ይህን ያስተዋሉት ግን ዋጋ ከከፈሉበት በኋላ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ወቅት አንድ ሌሊት «ማን ያውቃል» ያለ ማቋረጥ ጮኸ። መምህሩ ከመኝታቸው ሆነው ሁለት ሦስት ጊዜ «ዝም በል!» ሲሉ ተቆጡና ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። ሲነጋ ለፋሲካ ይቀለብ የነበረው ሙክት ከታሰረበት ቦታ አልነበረም። ውሻው ከቀናት በፊት ከባሕር ዛፍ አጥሩ ሥር የጀመረው ጉድጓድ ሰው ሊያሾልክ እስኪደርስ ሰፍቷል፤ በአፉ ላይ ደምና ጠጉር ይታያል። ውሻው ራሱ ትከሻው ተዘንጥሎ ከጌሾው ሥር ተኝቶ ነበር።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ሁሉም በአንድ ቃል «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» አለ። አባቶች ይህን ሲሉ ስለ ሰው መናገራቸው ነበር፤ የቤት ሰው ያላላውን ባዕድ እንደሚደፍረው ለማስረዳት ነው። በዚያ ጠዋት ግን ምሳሌው ምሳሌነቱ ቀርቶ በዓይን የሚታይ እውነት ሆነ። ፍርዱም አልዘገየም። አንዱ መርዝ ይሰጠው አለ፤ ሌላው ራቅ ካለ ቦታ ተወስዶ ይጣል አለ። መምህሩ ሊስማሙ ምንም ያህል አልቀራቸውም። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የቆዩት ባለቤታቸው ግን የውሻውን ቁስል እያዩ፣

«ሌሊቱን ሙሉ ሲጣራ ያደረው እሱ ነው፤ ያልወጣነው እኛ ነን። ታዲያ የሚፈረደው በማን ላይ ነው?» አሉ።

መልስ የሰጠ አልነበረም።

የጅቡ መምጣት እንኳ ያለ ምክንያት አልነበረም። በትግራይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ የጅብ ኩስ ተሰብስቦ የተመረመረበት ነው። በኩሱ ውስጥ የተገኘው የአህያ ጠጉር ከጾሙ በፊት 15 በመቶ ገደማ የነበረ ሲሆን፣ በጾሙ ጊዜ ወደ 33 በመቶ ከፍ ብሏል። ሰው ማረድ ሲያቆም ከየደጁ የሚጣለው አጥንትና ትራፊ ይጠፋል፤ ጅብም ከነሕይወቱ ያለውን ከብት ፍለጋ ወደ አጥር ይጠጋል። የሰው ጾም ሳይወዱ በግድ ለጅብም ለውሻም ጾም ነው። ስለዚህ በአጥር ሥር የተከፈተ ጉድጓድ በማንኛውም ጊዜ አደጋ ቢሆንም በሁዳዴ የባሰ ነው።

ውሻው በባለቤታቸው ንግግር ምክንያት ከሞት ተረፈ፤ ቀንና ሌሊት ግን በሰንሰለት ታሰረ። ከአንድ ወር በኋላ በታሰረበት ግንድ ዙሪያ ሰንሰለቱ እስከደረሰበት ድረስ መሬቱ እንደ አውድማ ክብ ሆኖ ተፍቆ፣ ጫፍ ጫፉ ተጎድጉዶ ታየ። መቆፈሩ አልቀረም፤ ቦታው ብቻ ጠበበ። ያን ጊዜ መምህሩ ሰንሰለቱን ፈቱና ወደ ለመዱት ዘዴ ተመለሱ። አንድ አሮጌ ደብተር አውጥተው ጉድጓዶቹን መመዝገብ ያዙ፤ የት እንደ ተቆፈረ፣ በስንት ሰዓት፣ ጥልቀቱ ምን ያህል እንደ ሆነና በውስጡ ምን እንደ ተገኘ። ዓመቱ ሲዞር አንድ ጥፋት የመሰላቸው ነገር ብዙ ሆኖ አገኙት።

በግንቦት እኩለ ቀን ላይ ከጌሾው ሥር የሚገኘው ጉድጓድ ጥልቀት የሌለው፣ ልክ በውሻው ገላ መጠን የተፋቀ ነበር። ውሻ እንደ ሰው በመላ ቆዳው አያልብም፤ የሚያልበው በመዳፉ ሥር ነው፤ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ያጋለውን አፈር ገፎ ከሥሩ ያለውን ቀዝቃዛ መሬት በሆዱ ይተኛበታል። ከፋሲካ ማግሥት በየጥጉ የሚገኙት ጠባብ ጉድጓዶች ግን ሌላ ናቸው። ከ55 ቀን ጾም በኋላ በአንድ ጊዜ ሊጨርሰው የማይችለው አጥንት ይጣልለታል። የውሻ ጥንተ ዘር የሆነው ተኩላ ከጥጋቡ የተረፈውን ለክፉ ቀን የመቅበር ልማድ አለው፤ «ማን ያውቃል»ም ያንኑ በመዳፉ እየቆፈረ በአፍንጫው ይደፍን ነበር። ጤፉን ወቅቶ በጎተራ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ለመረዳት ሊቸግረው አይገባም።

ጤፉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ ደግሞ ከጎተራው ሥር ጠዋትና ማታ ይቆፍር ጀመር። ባለቤታቸው እህሉን ሊያፈስ ነው ብለው ቢደነግጡም ከጉድጓዱ የወጣው የአይጥ ጎጆ ነበር። ይህ የውሻው የሥጋ ዘመድ የሆነው ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት ሙያ ነው። ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች አይጥና ፍልፈል እየቆፈረ ያወጣል። ከቢቸና በስተምዕራብ ከፍ ብሎ በሚታየው የጮቄ ተራራም ይኖር ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያ ጠፍቷል፤ በዓለም ላይ የቀረውም ከ500 ያነሰ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ቀበሮን ከጉድጓዱ እንዲያስወጡ ተብለው ለዘመናት እየተመረጡ የተራቡ ቴሪየር የሚባሉ ውሾች አሉ፤ ስማቸውም የመጣው መሬት ማለት ከሆነ የላቲን ቃል ነው። በአንዱ አገር ለመቆፈሩ የሚመሰገነው ፍጡር በሌላው አገር ለዚያው ሥራው ይገረፋል።

ከሁሉ ይልቅ መምህሩን ያሳሰባቸው የአጥሩ ሥር ጉድጓድ ነበር። ጅቡ ከገባ ከስድስት ወር ያህል በኋላ ያው ጉድጓድ በዚያው ቦታ፣ በሌሊት እንደገና ተጀመረ። በአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ሴት ውሻ ነበረችው። ሴት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜውም ለሦስት ሳምንት ያህል ወንድ የመፈለጊያ ወቅት አላት፤ ሽታዋም ወንዱን ከሩቅ ይጠራዋል። ለካ ጅብ የገባበት በር የተከፈተው ለጅብ ሳይሆን ለሙሽራ ኖሯል። ይህን ከጎረቤቱ ጋር ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ ሦስት ሳምንት ውሻይቱን ቤት ማዋልና ጉድጓዱ ላይ ድንጋይ መጫን ሙክቱን ባተረፈው ነበር።

ስለ ቅጣቱም የተረዱት ነገር አሳዘናቸው። ውሻ ቅጣትን የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ከሚያደርገው ነገር ጋር እንጂ ከሰዓታት በፊት ካደረገው ጋር አይደለም። ከተኛበት ተነሥቶ የተገረፈ ውሻ የተማረው ጌታው ከከተማ ሲመለስ መፍራትን ብቻ ነው። ጆሮ መጣልና ጭራ መሸጎጥም የጥፋት ኑዛዜ ሳይሆን በቁጣ ፊት የሚታይ ፍርሃት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን «ያልገባህን ጠይቅ» ሲሉ የኖሩ ሰው ራሳቸው ሳይጠይቁ ሲገርፉ መቆየታቸውን ለባለቤታቸው ነገሩ። እሳቸውም «ይህንንስ ‹ማን ያውቃል›ም ያውቀው ነበር» ብለው ሳቁባቸው።

በ2011 ዓ.ም. ሁለቱ ከወላጅ በተወረሰ ቤት ለመኖር ከቢቸና ወደ ሞጣ ተዛወሩ። ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ በደብረ ወርቅ በኩል ሲያልፍ ውሻውም ከዕቃው መካከል ተቀምጦ ነበር። የሞጣው ግቢ አፈር ቀይና ከዋልካው ይልቅ ለመዳፍ የላላ ነው፤ መምህሩ ግን በዚህ ጊዜ ቀድመውት ነበር። በአጥሩ ሥር ዙሪያውን ክንድ የሚያህል ጥልቀት ያለው ቦይ አስቆፍረው ድንጋይ አስደረደሩበት። ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ የማያገኘው የጥላ ቦታ ተሠራለት፤ ውሃም ሳይጎድል ይቀመጥለታል። ጎተራው ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ ቆመ። የበዓል አጥንት በአንድ ቀን አይጣልም፤ የሚበቃውን ሰጥተው የቀረውን ያነሣሉ። የውሃ ከረጢት የያዘ ጉበትና ሳንባ ፈጽሞ አይሰጠውም፤ በውሻው በኩል ወደ ሰው የሚተላለፍ ትል ያመጣልና። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በየዓመቱ ይከተባል። ማለዳ ማለዳ መምህሩ ከከተማው ውጭ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ሰውየው ውሻ ሊያናፍሱ ነው የሚወጡት እየተባለ መንደሩ መሳቁ አልቀረም።

ከሁሉም በላይ ግን ከጓሮው ጥግ አንድ አልጋ የምታህል ቦታ አለስልሰው ለእሱ ተዉለት። መጀመሪያ ላይ አጥንት እየቀበሩ እዚያ እንዲቆፍር አስለመዱት። ሌላ ቦታ ሲጀምር ሲያዩት በዚያው ቅጽበት ጠርተው ወደ ቦታው ይወስዱታል። ሁሉም ነገር ግን አልሠመረም። ባለቤታቸው ፍግ ጨምረው የቃሪያ ችግኝ የተከሉበትን መደብ በአንድ ሌሊት ገልብጦት አደረ። አዲስ የተገለበጠ አፈርና የፍግ ሽታ ውሻን እንደሚጠራ ያን ጊዜ ተማሩ። ከዚያ ወዲህ ችግኙ ሥር እስኪሰድ ድረስ መደቡ በእሾህ ቅርንጫፍ ይሸፈናል።

በቀጣዩ ሁዳዴ አንድ ሌሊት «ማን ያውቃል» እንደ ቀድሞው ያለ ማቋረጥ ጮኸ። መምህሩ «ዝም በል» አላሉም። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላና የእጅ ባትሪ ይዘው ወጡ። ውሻው ከአጥሩ ሥር ከድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ከማዶ በኩል አንድ ከባድ ነገር አፈሩን ሲጭር ይሰማል። ብርሃኑ ሲያርፍበት ጭረቱ ቆመ፤ ቀጥሎም የሚርቅ ኮቴ ተሰማ። መምህሩ ወዲያው አልተመለሱም። በትከሻው ላይ ያለውን የድሮ ጠባሳ እየዳበሱ፣ ውሻው ራሱ ዝም እስኪል ድረስ ከጎኑ ቆሙ።