«ይህን እግር አላሽም»

ቀኑን ሙሉ ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ወይም ከስፌት መኪና ፊት ተቀምጣችሁ የምትውሉ፣ ማታ ደግሞ ልጅ አዝላችሁ ጓዳ ለጓዳ ስትሉ የምታመሹ እህቶች፣ ወገባችሁን ይዛችሁ «ምነው አንድ የሚያሸኝ ሰው ባገኘሁ!» ያላላችሁ አይመስለኝም። እኔም ብያለሁ። ዛሬ ላጫውታችሁ የተነሣሁት ግን ስለ መታሸት ጥቅም ሳይሆን፣ ገላችንን አምነን የምንሰጠው ሰው ማን መሆኑን እንዴት እንወቅ ስለሚለው ጉዳይ ነው።

ነገሩ ከራቤል ይጀምራል። በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን በአዲስ አበባ ወልጄ፣ በእናቴ ቤት ለመታረስ ወደ ራቤል ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ተቀምጬ ደረስኩ። የመንዝና የግሼ ብርድ ለማንም የተሰወረ አይደለምና እናቴ ባና ደራርባ አልብሳኝ፣ አጥሚቱንና ገንፎውን እያቀረበች፣ ከአልጋ አላስወርድ አለችኝ። ጥቂት ቀናት እንደቆየሁ ግራ ባቴን ያመኝ ጀመር። እናቴም «ብርድ ነው፤ ቢታሽ ይለቅሻል» አለችና በአካባቢው የታወቁትን አሮጊት ወጌሻ አስጠራች።

እማማ ቅቤያቸውን በዕቃ ይዘው መጡ። እጃቸውን ምድጃው ላይ አሙቀው፣ ባናውን ገለጡና ሁለቱንም እግሮቼን ጎን ለጎን አስዘርግተው ዝም ብለው ተመለከቱ። የግራው አብጧል። በእጃቸው ጀርባ አንዱንም ሌላውንም ዳሰሱ። የግራው ይሞቃል። ከዚያም ባናውን መልሰው አለበሱኝና፤

«ልጄ፣ ይህን እግር አላሽም። ዛሬውኑ ሐኪም ይየው» አሉ።

እናቴ «እትዬ፣ ምነው በቀስታ እንኳ ቢነኩላት?» ብላ ለመነቻቸው። «አልኩሽ እኮ!» አሉና ቅቤያቸውን አንሥተው ወጡ። ገንዘብ ብንሰጣቸውም አልተቀበሉም።

ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ተላክሁ። ለካስ በእግሬ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ኖሯል! ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ በወሊድ ሰሞን ደም ይበልጥ የመርጋት ጠባይ አለው፤ ረጅም ጉዞና መተኛት ደግሞ ያባብሰዋል። እንዲህ ያለው እግር ቢታሽ የረጋው ደም ተላቆ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሰውን በድንገት ሊገድል ይችላል። ለወራት መድኃኒት ወስጄ ዳንኩ። ልጄን ያሳደግሁት እኒያ እናት ባለማሸታቸው ነው።

ከዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ወገቤን አመመኝና ሰው ወደ ጠቆመኝ አንድ ማሳጅ ቤት ሄድኩ። ፈቃድ እንዳላቸው ስጠይቅ፣ በመስታወት ተደርጎ የተሰቀለ ወረቀት አሳዩኝ። ጠጋ ብዬ ሳነበው የንግድ ፈቃድ ነው። «የሚያሸኝ ሰው የሙያ ፈቃድስ?» አልኩ። «እመቤቴ፣ እኛ የማናሸው የለም፤ ነፍሰ ጡርም ቢሆን፣ ስብራትም ቢሆን» አለኝ ሰውየው። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

እርግጥ የራቤሏ እናትም ወረቀት አልነበራቸውም። ነገር ግን ማንን እንዳሹ፣ ማን እንደዳነ፣ ማን እንደተጎዳ አገሩ ሁሉ ያውቃል። በከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ምስክር የለንም፤ የሙያ ፈቃድ የተፈለገውም በእርሱ ምትክ ነው። ወጌሻ ሁሉ እንደ እርሳቸው ነው ማለቴም አይደለም። የተሰበረ እጅ ከመጠን በላይ ጠብቆ በመታሰሩ፣ ደም ሳይደርሰው ቀርቶ የተቆረጠባቸው ሕፃናት በአገራችን ሆስፒታሎች የታወቁ ናቸው። በጳጉሜን 1970 ዓ.ም. በአልማ አታ የተከፈተው ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤም የባህል ሐኪሞች ተገቢውን ሥልጠና አግኝተው ከሌሎች የጤና ሠራተኞች ጋር እንዲሠሩ ነበር የመከረው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ የንግድ ፈቃድንና የሙያ ፈቃድን እንለይ። የንግድ ፈቃድ ለቤቱ ነው፤ የሙያ ፈቃድ ግን ለሰውየው ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 ማንኛውም የጤና ባለሙያ ሳይመዘገብና የሙያ ፈቃድ ሳይዝ እንዳይሠራ ደንግጎ ነበር። ሕመማችንን እናድናለን የሚሉን ከሆነ፣ በፈቃዱ ላይ ያለውን ስምና ሙያ፣ የሚያበቃበትንም ቀን እንመልከት። ከተጠራጠርን ፈቃዱን የሰጠውን ጤና ቢሮ እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ የት እንደተማረ እንጠይቅ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን በመሳሰሉ ተቋማት ፊዚዮቴራፒ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። የጥቂት ሳምንታት የማሳጅ ሥልጠና ድካምን ሊያቃልል ይችል ይሆናል፤ በሽታን ለመለየት ግን አያበቃም።

ሦስተኛ፣ እርሱስ እኛን ምን ጠየቀን? በቅርቡ ወልደሻል ወይ? ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ? ወድቀሻል? ያተኩስሻል? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ሳይል እጁን የሚሰነዝር ሰው፣ ግድግዳው በወረቀት ቢሸፈንም አይታመንም።

አንድ እግር ብቻ አብጦ ከሞቀ፣ ወይም ከመውደቅ በኋላ ስብራት ከተጠረጠረ፣ አትታሹ፤ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የታሰረ እጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፣ ማሰሪያውን ወዲያው አላልታችሁ ሕፃኑን ወደ ሐኪም ይዛችሁ ሩጡ።

«ፈቃድዎን ያሳዩኝ» ማለት ነውር የሚመስላት እህት ብዙ ናት። እኔም አፍር ነበር። አሁን ግን ከመቀመጤ በፊት እጠይቃለሁ፤ ቀጥዬም «የማያሹት ምን ዓይነት ሕመም ነው?» እላለሁ። «ሁሉንም አሻለሁ» ካለኝ፣ አመስግኜው እወጣለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።