ማነው ያስገባዎት?

ዛሬ መጻጉዕ ነበር። ያስቀደሳችሁ ሰምታችኋል፤ ያላስቀደሳችሁም ከድምፅ ማጉያው አታመልጡም።

ሰባኪው ጎበዝ ነው፣ ሐቁን ልናገር። የበጎች በር አጠገብ ያለችውን መጠመቂያ፣ አምስቱን መመላለሻ፣ የተኛውን በሽተኛ ብዛት፣ ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባው ብቻ እንደሚድን፣ መጻጉዕ የምንለው ሰውዬ ግን 38 ዓመት ሙሉ ተሸክሞ የሚያወርደው ወገን አጥቶ መቅረቱን እያሳመረ ነገረን። ከጎኔ የነበሩት እናት ከንፈራቸውን መጠጡ። "ከመካከላችን ወገን ያጣ ስንት አለ?" ብሎ ሲጠይቅ ሕዝቡ እልል አለ። ምኑ እልል እንደሚያሰኝ አልገባኝም፤ ግን እልል ተባለ፣ እኔም አልኩ።

በዚያው ሰዓት ነው ነገሩ የሆነው። በር ላይ ማዳበሪያ አንጥፎ የሚቀመጠውን ሰውዬ የሰፈሩ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ እግሮቹ የማይታዘዙለትን። ፀሐዩ ከበደው መሰለኝ፣ በእጁ እየተጎተተ ደረጃውን ወጥቶ ድንኳኑ ጥላ ሥር ደርሷል። እጆቹ ለመሄጃ ስለተያዙ ማዳበሪያውን አጣጥፎ በጥርሱ ነክሶ ነው የመጣው። ባጅ ያንጠለጠለ አስተናጋጅ አየውና ጎንበስ አለለት። ደስ አለኝ። ውኃ ሊያመጣለት፣ ምንጣፍ ሊያነጥፍለት ነው ብዬ።

"አባባ፣ ማነው ያስገባዎት?" አለ።

ሰውየው ማዳበሪያውን ከአፉ አወጣና "ኧረ ማንም፣ ራሴ ነኝ" አለ። ሌላ ልጅ ተጠራ። አንዱ በብብቱ፣ አንዱ በጉልበቱ በኩል ይዘው አወጡት። አልገፈተሩትም፣ አልተሳደቡም፣ እንዲያውም "ይቅርታ አባባ" ሲሉት ሰምቻለሁ። ተሸካሚ ላጣ ሰው ተሸካሚ ተገኘለት፤ ወደ ውጭ የሚሸከም። ማይክራፎኑ ገና ስለ መጻጉዕ እያወራ ነበር።

ቤት ገብቼ ዮሐንስ ምዕራፍ 5ን ደግሜ አነበብኩት። ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀው ታሪክ ስለሆነ በዓይናችን ሸተት እያልን ነው የምናልፈው። ዛሬ ግን አንድ ቦታ ያዘኝ። ሰውየው ድኖ አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ አለቆቹ አገኙትና በሰንበት አልጋ መሸከም አይፈቀድልህም አሉት። እሱም፣ ያዳነኝ ሰው ነው ተሸከም ያለኝ አላቸው። ልብ በሉ፤ ሁለት ወሬ ነው በአንድ ትንፋሽ የነገራቸው። አንደኛው 38 ዓመት የተኛ ሰው ተነሣ። ሁለተኛው አልጋ ተሸከመ። የቱን አንሥተው ጠየቁ? ተሸከም ያለህ ማነው አሉ። ያዳነህ ማነው ያለ አንድ ሰው የለም! በኋላ ጌታ ሰውየውን በመቅደስ አግኝቶት፣ ሰውየው ተመልሶ ሲነግራቸው ደግሞ፣ ያዳነኝ ኢየሱስ ነው ነው ያላቸው። እነሱ የሚጠይቁት ስለ ሸክሙ፣ እሱ የሚመልሰው ስለ መዳኑ። ምስኪን፣ ያልተጠየቀውን ይመልሳል።

(ዮሐንስ እዚህ ላይ "አይሁድ" ሲል አለቆቹን ነው። ጌታም አይሁዳዊ፣ የዳነውም አይሁዳዊ። ይህችን አንቀጽ ይዛችሁ ወደ ሌላ ነገር የምትሄዱ እንዳትኖሩ።)

በነዚያ ሰዎች ላይ መፍረድ ደግሞ ቀላል ነው። ሕጉን ከሜዳ አልለቀሙትም። ኤርምያስ በሰንበት ቀን በኢየሩሳሌም በሮች ሸክም እንዳይገባ ጮኾበታል። ነህምያ ሰንበት ሲገባ በሮቹን አዘግቶ ዘብ አቁሞበታል። ከዘመናት በኋላ ሚሽና ሲጻፍ በሰንበት የሚከለከሉት ሥራዎች 39 ሆነው ተዘረዘሩ፤ የመጨረሻው ዕቃን ከአንድ ይዞታ ወደ ሌላው ማውጣት ነው። ሰንበትን የጠበቀ ሕዝብ ነው በምርኮ ያልጠፋው። እኛስ ብንሆን? የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ቅዳሜን እናከብራለን ብለው ስንት ዘመን ተገፍተዋል፤ ነገሩ የተቋጨው በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ በዘርዐ ያዕቆብ ፊት ነው። ስለ ሰንበት የሚጨነቅ ሰው ለእኛ ባዳ አይደለም፤ አጎታችን ነው። ሕጉ ጥሩ ነበር። 39 ሥራ የሚቆጥር ዓይን 38 ዓመት ማየት ሲያቅተው ነው ችግሩ።

ያ ባጅ ያንጠለጠለ ልጅም ክፉ አይደለም። "ሥርዓት መኖር አለበት" ብሎ ኮሜንት ሊጽፍልኝ የተዘጋጀው ወንድሜም ክፉ አይደለም። አዎ፣ ይኑር። እኔም ሥርዓት እወዳለሁ፤ ጫማ ማውለቂያው ጋ የሚጋፉትን ብትጠይቁኝ ከእናንተ ይልቅ እኔ ነኝ የምናደደው። ግን እስቲ አስቡት፣ ያ ሰው ያን ሁሉ ደረጃ በእጁ ወጥቶ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ "እንዴት ወጡት?" መሆን አልነበረበትም?

ደግሞ ስብከቱ እንዳለቀ የሕንፃ አሠሪው ኮሚቴ ማይኩን ተቀበለ። ሃምሳ ሺህ ያለ ስሙ ከነአባቱ ተነበበ፣ እልልታ። ሃያ ሺህ ያለች ስሟ ከነልጆቿ ተነበበ፣ እልልታ። መቶ መቶ ብር የሰጠነው "እና ሌሎችም" ተባልን። በማርቆስ ወንጌል ጌታ በመዝገቡ ትይዩ ተቀምጦ ያያት ባልቴት ዛሬ ብትመጣ ኖሮ ሁለቱ ሳንቲሟ "እና ሌሎችም" ውስጥ ነበር የሚገቡት። ጥሩ ጎረቤት አለኝ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የድሮ አከራዬ ትዝ አሉኝ። ቆዩ፣ ይኼን ሳልናገር አላልፍም።

እትዬ (ስማቸውን አልጠራም) ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥተው ኪዳን የሚያደርሱ ሴት ነበሩ። ሁዳዴን ሙሉውን 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ሳሎናቸው ሥዕለ አድኅኖ ያልተሰቀለበት ግድግዳ የለውም፤ ቴሌቪዥኑ ሳይቀር ነጠላ ለብሷል። ግቢው ውስጥ ግን አንድ ሮቶ ነበረ፣ ቁልፍ ያለው። ቁልፉ የት እንደነበረ ታውቃላችሁ? አንገታቸው ላይ፣ ከመስቀላቸው ጋር በአንድ ማተብ። ውኃ በጠፋ ሰሞን ጀሪካን ይዤ ስሄድ "መቼም ልጄ፣ ውኃ ትወጃለሽ" ይሉና ማተቡን ሳያወልቁ ጎንበስ ብለው ይከፍቱልኛል። መስቀሉ ከሮቶው ክዳን ጋር ቀጭ ቀጭ ይላል። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

አንድ ጸሎተ ሐሙስ ደግሞ ጉልባን በሳህን አድርገው፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው በራቸውን ዘግተው ወደኔ መጡ። ተቀበልኩ፣ "በጤና ያድርሰን" ተባባልን። ከዚያ በሩ ላይ ቆመው፣ "ልጄ፣ ኑሮ ተወዷል እንግዲህ፣ ከሚቀጥለው ወር ሁለት ሺህ ጨምሬያለሁ" አሉኝ። ጌታ ጎንበስ ብሎ እግር ባጠበበት ቀን! ቢያንስ ትንሣኤን አያሳልፉም? ጉልባኑ ግን፣ እውነት አይደበቅም፣ እንደሱ ያለ ጉልባን ከዚያ ወዲህ አልበላሁም። ስንዴው እንዴት እንዳበሰሉት እንጃ፣ አንዱ ፍሬ ከአንዱ አልተጣበቀም። እየተናደድኩ ጨረስኩት።

ሠራተኛቸውን አላነሣም። ማለቴ አንሥቻለሁ፤ እሁድ እሁድ ማኅበሩ ከእሳቸው ቤት ስለማይጠፋ ያቺ ልጅ ቅዳሴ የምትሰማው ሽሮ እያማሰለች በማጉያው ነበር።

አሁን "ግብዝ ናቸው" ብላችሁ ልትገላግሉኝ ነው። እንደሱማ ቀላል ቢሆን ይኼን ሁሉ አልጽፍም። ታይፎይድ ይዞኝ አልጋ ላይ በወደቅሁ ጊዜ ማን እንደደረሰልኝ ልንገራችሁ? እትዬ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ግንባሬን እምነት እየቀቡ፣ አጥሚት እያጠጡ፣ ያስመለስኩትን በእጃቸው እየጠረጉ አነጉ። ኪዳናቸውን ትተው! የዚያን ሌሊት ሴትዮ እውነተኛ ነበሩ። በኋላ ግን ሒሳቡ መጣ። አምፖል ሳላጠፋ ካደርኩ፣ "ያኔ ታመሽ ባልደርስልሽ"። እንግዳ ከመጣብኝ፣ "ያኔ ታመሽ ባልደርስልሽ"። ቤት ለቅቄ ዕቃዬ አይሱዙ ላይ ሲጫን እንኳ ለሹፌሩ ነገሩት። ሹፌሩ እኔን ገላምጦ "ውለታ አይረሳም እኮ እኅቴ" አለኝ።

ግብዝነትን የውሸት ጸሎት አድርገን ነው የምናስበው። ልቡ ሌላ አፉ ሌላ። በማቴዎስ 6 ግን ያ ምጽዋት ሲሰጥ መለከት የሚያስነፋው ሰው በእርግጥ ይሰጣል እኮ። ብሩ ውሸት አይደለም፤ የኔ ቢጤው በላበት። ጌታ የሚለው ሰውየው ደመወዙን እዚያው አንሥቷል፣ ከአባቱ ዘንድ ቀሪ የለውም ነው። ስጦታ ሳይሆን ንግድ ሆነ፣ ንግዱም ተጠናቀቀ። ከእንስላሉና ከከሙኑ ሳይቀር አሥራት የሚያወጡት ሰዎችም አሥራቱን አልሰረቁም፤ ፍትሕንና ምሕረትን ነው ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የረሱት።

ወደ መጻጉዕ ልመለስ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ገና ነው።

ይኼ ሰው እምነት ነበረው ወይ? ፈልጉ። እኔ አጣሁ። 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት ልብሱን ብነካ እድናለሁ ብላ በሕዝቡ መካከል ተጋፍታ ደርሳለች። ዓይነ ስውሩ በርጤሜዎስ ዝም በል ቢሉትም አብዝቶ ጮኋል። ለሁለቱም፣ ያዳነሽ እምነትሽ ነው፣ ያዳነህ እምነትህ ነው ተብሎላቸዋል። በማቴዎስ ደግሞ ጌታ እምነታቸውን ትልቅ ብሎ ያደነቀላቸው ሁለት ሰዎች ሮማዊው መቶ አለቃና ከነዓናዊቷ እናት ናቸው፤ ሁለቱም ከግቢው ውጭ የሆኑ፣ "ማን አስገባህ" የሚባሉ ዓይነት ሰዎች። መጻጉዕ ግን ምን አደረገ? ልትድን ትወዳለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዎ እንኳ አላለም። ሰሚ ያገኘ ባለጉዳይ ይመስል ስለ ወረፋው ስሞታ ጀመረ፤ እኔ እስክደርስ ሌላው ይቀድመኛል አለ። ያዳነውን ሰው ስሙን አልጠየቀም። አመሰገነ የሚል የለም። ስሙን ባወቀ ጊዜ ቀጥ ብሎ ሄዶ ለአለቆቹ ነገረ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጌታን ማሳደድ የጀመሩት።

ይኼም አልበቃ። የእኛ መምህራን በትርጓሜ ሲያወርዱት ምን እንደሚሉ ታስታውሳላችሁ። ወንጌሉ ስሙን አይጠራም፤ በሐና ፊት ጌታን በጥፊ የመታው ሎሌ ግን ይኸው መጻጉዕ ነው ይላሉ አባቶች። የተፈወሰው ሰው። በተፈወሰው እጅ። ሕፃን ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት ይኼን ስሰማ ተናድጄ ነበር፤ ለምን አዳነው ታዲያ፣ ያውቅ አልነበር? መምህራችን "ያውቃል እንጂ!" አሉና ዝም አሉ። ያኔ መልስ ያጡ መስሎኝ ነበር።

ያውቅ ነበር። ከዚያ ሁሉ በሽተኛ መካከል መርጦ ወደሱ የሄደው እያወቀ ነው። ጸጋ የምንለው ነገር ይኼ ከሆነ እኛ ግቢ ውስጥ አይሠራም፤ በር ላይ ባጅ ያለው ልጅ አያሳልፈውም። እኛ መጀመሪያ ማጣራት እንወዳለን። ይገባዋል ወይ? ሱሰኛ ነው ወይስ እውነተኛ ድኻ? የሰጠነውን ምን ያደርግበታል? ያመሰግናል? ማን አስገባው? እሱ ግን 38 ዓመት የተኛውን፣ እምነት ያላሳየውን፣ አመስጋኝ ያልሆነውን፣ ነገ በጥፊ የሚመታውን ሰው ተነሣ አለው። ሰውየውም ተነሣ። ያለ ቅድመ ሁኔታ፣ ያለ ዋስ።

እና የጥፊው ሌሊት። ዮሐንስ 18ን ግለጡ። ተመታ። የመለሰው መልስ አጭር ነው፤ ክፉ ተናግሬ እንደሆነ ስለ ክፉው መስክር፣ መልካም ከሆነ ግን ስለምን ትመታኛለህ ነው ነገሩ። አለቀ። ያቺን መጠመቂያ አላነሣም። 38 የሚል ቁጥር ከአፉ አልወጣም። አንተን እኮ እኔ ነኝ ያነሣሁህ አላለም።

እኔ ብሆን ቀኑን ከነሰዓቱ ነበር የማነብለት። እትዬማ ቢሆኑ የአልጋውን ኪራይ ከነወለዱ ያስቡለታል።