ወርዱ የጎደለው ግቢ

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ አሥራ አንድ ፎቶግራፎች ላከልኝ። ፒያሳ ውስጥ ተወልደን ያደግንበት ግቢ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሊፈርስ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ስለ ነበር፣ «ከመፍረሱ በፊት ሁሉንም አንሣልኝ» ብዬ የለመንሁት እኔው ነበርሁ። ምስሎቹ አሌክሳንድሪያ የደረሱት ሌሊት ነው። ጠዋት እናቴን ከቁርስ በኋላ አጠገቤ አስቀምጬ አንድ በአንድ አሳየኋት። የቤታችን በር አለ። የመስኮቱ መዝጊያ አለ። ወንድሜ ልጁን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። አራተኛው ምስል ላይ ስትደርስ «የጎረቤቴ በር የት አለ? ቦኖውስ?» አለችና ጣቷን በስልኩ ገጽ ላይ ወደ ጎን አንሸራተተች። የቀረው የግቢው ክፍል ከምስሉ ጠርዝ ወዲያ ተሸሽጎ የሚጠብቃት መስሏት ነበር። የመጣው ግን ቀጣዩ ፎቶግራፍ ሆነ፤ ያው በር፣ ጥቂት ቀረብ ብሎ።

አሥራ አንዱም የተነሡት በቁም ነው።

ለወንድሜ ደውዬ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ስልኩን እንደያዝሁት ነዋ ያነሣሁት» አለኝ። አንድ እጁ የልጁን እጅ ይዟል፣ በሌላው ስልኩን ይዟል፤ ጊዜውም የጥድፊያ ነበር። ልወቅሰው አልቻልሁም። ደግሞም ይህን ስንነጋገር ግቢው ፈርሶ ነበር።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ ስልክን ማቆም ወይም ማጋደም የሚለው ጥቃቅን የሚመስል ምርጫ ከአእምሮዬ አልወጣም። «እንደያዝሁት» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይናገራል። ስልክ ለጆሮና ለአፍ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ቁመቱ ከፊታችን ቁመት፣ ወርዱ ከመዳፋችን ወርድ ጋር እንዲስማማ ሆኖ ተቀርጿል። በአንድ እጅ ሲያዝ ይቆማል፤ አውራ ጣትም ቁልፉን ያገኘዋል። ለማጋደም ግን ሁለተኛ እጅ ያስፈልጋል። በውስጡ ያለው ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ አራት ለሦስት የሆነ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ስልኩ የቆመ ወይም የተጋደመ መሆኑን የምድርን ስበት በሚለካ አነስተኛ መሣሪያ ያውቃል። ቆሞ የተነሣ ምስል አንዳንድ ጊዜ ኮምፒዩተር ላይ ተጋድሞ የሚታየን ስልኩ «ይህን አቁመህ አሳይ» ብሎ የጻፈውን ማስታወሻ ኮምፒዩተሩ ሳያነበው ሲቀር ነው። መሣሪያው የትኛውንም አቅጣጫ ይቀበላል ማለት ነው። የሚያዘነብለው እጃችን ነው።

ይህ በዘመናችን የተጀመረ ነገር አይደለም። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚጠቀሙ ካሜራዎች በአብዛኛው ፊልሙን ወደ ጎን ስለሚያሳልፉ፣ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነው ምስል አግድም መሆኑ እንደ ተፈጥሮ ተቆጥሮ ኖሯል፤ ለማቆም የፈለገ ሰው ካሜራውን ማዞር ነበረበት። ዛሬ ነገሩ ተገለበጠ። ኢንስታግራም እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁሉን ምስል እኩል ጎን ባለው ካሬ ውስጥ ያስገባ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የተጠቃሚዎቹን የምስል ሰሌዳ ራሱን ከካሬ ወደ ቁም ለወጠው። ቲክቶክም ከመነሻው ዘጠኝ ለአሥራ ስድስት በሆነ ቁም መስኮት የተሠራ ነው። በየዘመኑ ቀላል የሆነው አያያዝ ልማድ ሆነ፤ ልማዱም ውሎ አድሮ የዓይን ሕግ መሰለ።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ላይ የሚለው አለው። የአንድን ሰው መልክ የሚያሳየውን ሥዕል «የቁም ሥዕል» እንለዋለን። ለመታወቂያ የሚጠየቀውን ደግሞ «ጉርድ ፎቶ» እንላለን፤ ከደረት በታች የተጎረደ ሰው ማለት ነው። ከእኛ መካከል በዲቪ ዕጣ የመጡት አንድ ሌላ ቅርጽም ያውቃሉ፤ የአሜሪካ መንግሥት የሚቀበለው ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል የሆነ ካሬ ነው፤ ከጀርባው ነጣ ያለ ባዶ ግድግዳ እንጂ ምንም አይፈቀድም። ቢሮክራሲ ሰውን የሚፈልገው ያለ አካባቢው ነው። ለመለየት ይበቃል፤ ለማወቅ ግን አይበቃም።

የአገራችን ሠዓልያን ይህን ልዩነት ከካሜራ በፊት የተረዱት ይመስለኛል። ቅዱሱ ብቻውን ሲሣል ብዙ ጊዜ በቁም ነው፤ ተመልካቹ ፊት ለፊት ይገናኘዋል። የአድዋ ጦርነት ሲሣል ግን ሸራው ይጋደማል፤ ሁለቱ ሠራዊት ከግራና ከቀኝ ይተያያሉ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ይታያል፣ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በየቦታቸው አሉ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርኩት ሥዕሎችም ከግራ ወደ ቀኝ በተደረደሩ ክፍሎች እንደ ጽሑፍ ይነበባሉ። ሰው ይቆማል፤ በሰዎች መካከል የሚሆነው ነገር ግን ወርድ ይሻል።

የእኛ ግቢ ደግሞ በሰዎች መካከል የሆነ ነገር ነበር። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን መንግሥት እንዲወርስ ያደረገው የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣ በኋላ፣ የአንድ ባለ ሀብት የነበሩ ብዙ ግቢዎች የበርካታ ቤተሰቦች መኖሪያ ሆኑ፤ ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። በእኛ ግቢ ውስጥ ስድስት በሮች፣ አንድ ቦኖ፣ አንድ የጋራ ማዕድ ቤት፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ የልብስ ማስጫ ሽቦ ነበር። ቡና የሚፈላው በየተራ ነው። ኀዘን ሲደርስ የዕድሩ ድንኳን መሃል ላይ ይተከላል። የዚህ ሁሉ ሕጋዊ ሰነድ በእናቴ እጅ ያለው አንድ እሽግ የኪራይ ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ የቤት ቁጥርን ይናገራል፤ የማን በር ከማን በር ፊት ለፊት እንደነበረ አይናገርም። የልማቱን ጥቅምና ጉዳት መመዘን ለሌላ ጽሑፍ ይቆይ፤ እዚህ የማነሣው ጥያቄ ጠባብ ነው። እንዲህ ያለ ሰፈር ሲነሣ የሚጠፋው በአብዛኛው በበሮቹ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ያንን ርቀት መያዝ የሚችለው ደግሞ የተጋደመ ምስል ነበር።

ጉዳዩ ከቤተሰቤ አልበምም ይሰፋል። እኛ በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሰዎች ስለ አገራችን የምናየው አብዛኛው ነገር ዛሬ የሚደርሰን በቁም ነው። አንድ ፊት መስኮቱን ሞልቶ ይናገራል፤ ከግራው ማን እንዳለ፣ ከቀኙ ማን እንደሚሰማው አይታይም። አንድ የግጭት ምስል እውነት መሆኑን ለማጣራት የሚሠሩ ሰዎች የሚመረምሩት የተራራውን ጀርባ፣ የሱቁን ጽሑፍ፣ የጥላውን አቅጣጫ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በጠርዝ ላይ ያለውን ማለት ነው። ጠርዙ በጠበበ መጠን መረጃው ይሳሳል፤ ቁጣው ግን አይቀንስም። በዚህ ምስል ላይ ተመሥርተን እንደራሴዎቻችንን የምንጽፍ፣ ገንዘብ የምናዋጣ፣ ሰልፍ የምንወጣ ከሆነ፣ ያልታየው ወርድ የፖሊሲ ጉዳይ ነው።

ሆኖም ወርድን ከእውነት ጋር ማምታታት አይገባም። ቴሌቪዥን በአብዛኛው አግድም ነው፤ በአግድም መስኮት ምን ያህል ነገር ሊሸሸግ እንደሚችል የእኔ ትውልድ በደንብ ያውቃል። ቁም ምስልም የራሱ ጸጋ አለው። እናቴ ገና አዲስ አበባ ሳለች ከምንም በላይ የምትወደው የልጄን ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ የሚያሳየውን ፎቶ ነበር፤ ቁመቷን ካለፈው ዓመት ጋር ታስተያየው ነበር። ለእርሷ ያ ምስል የልጅ ልጇ ሙሉ ሰው ሆና ፊቷ መቆሟ ነበር። በዚያን ጊዜ የፖቶማክን ወንዝ ላሳያት ብል በመካከላችን ያለውን ርቀት ከማስታወስ በቀር ምን ይጠቅማት ነበር?

እንግዲህ ጥያቄው የትኛው አቅጣጫ ይሻላል የሚል አይደለም፤ ምስሉን የሚቀበለው ሰው የጎደለው ምንድን ነው የሚል ነው። እናቴ በቁም ምስል የልጅ ልጇን አገኘች፤ በዚያው ቅርጽ ግቢዋን አጣች። እኔ ወንድሜን «ሁሉንም አንሣ» ስለው ሁሉም ማለት ምን እንደሆነ አልነገርሁትም። ዛሬ ቢሆን «መግቢያው ላይ ቁም፤ ስልኩን አጋድም፤ ከግራ ጀምረህ እስከ ቀኝ ጥግ አንድ በአንድ አንሣ፤ ከዚያ በኋላ ሰዎቹን በየደጃፋቸው አቁመህ በቁም አንሣቸው» እለው ነበር። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ሊፈርስ የተቃረበ ቤት፣ የሚሸጥ እርሻ፣ የሚታደስ ቤተ ክርስቲያን ያላችሁ አንባብያን ይህን መልእክት ዛሬውኑ ብትልኩት እወዳለሁ።

ባለፈው የበጋ ወር አሥራ አንዱን ፎቶግራፎች አሳትሜ በትልቅ ነጭ ወረቀት ላይ፣ ወረቀቱን አጋድሜ፣ እናቴ እንዳዘዘችኝ ደረደርኋቸው። በመካከላቸው ባሉት ባዶ ቦታዎች ላይ እርሷ እየነገረችኝ በእርሳስ ሞላሁ፦ የማዕድ ቤቱን ጣራ፣ ሽቦውን፣ የጎረቤቷን በር። ቦኖውን ስሥል እጄን ያዘችኝ። «ወደ ግራ ነው» አለች። አጥፍቼ ወደ ግራ ወሰድሁት። ትንሽ አሰበችና «እንጃ፣ ልጄ» አለች፤ «እኔም እየጠፋኝ ነው።»

ቦኖውን በሁለቱም ቦታ፣ በስሱ፣ ሥዬ ተውሁት።