ዳገቱ በየት በኩል ነው?

በታኅሣሥ ወር መግቢያ፣ ገበሬው እህሉን ወደ አውድማ በሚያግዝበትና ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የደሴ ብርድ ሰውን ያለ ጋቢ ከደጅ በማያስወጣበት ሰሞን፣ ከአንድ ወዳጄ በተዋስሁት ባለ ማርሽ ብስክሌት ወደ ሐይቅ ወረድሁ። ለጉዞዬ ምክንያት የሆነኝ፣ አንድ መምህር ከሐይቅ ከተማ እየተነሣ በየዕለቱ በብስክሌት ወደ ገጠር ትምህርት ቤት እንደሚመላለስ በጨዋታ መካከል መስማቴ ነበር፤ ሰው የዕለት እንጀራውን ለማግኘት በሁለት ጎማ ምን ያህል መንገድ እንደሚሄድ ከሰሚ ሳይሆን ከራሱ ከሂያጁ ለመረዳት ፈለግሁ።

ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፣ በሰሜን በኩል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ ከርስዋ ወደ 500 ሜትር የሚጠጋ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ጧት ከደሴ የሚወርድ ብስክሌተኛ ብዙውን የሚደክመው በእግሩ ሳይሆን ፍሬን በሚይዝበት እጁ ነው፤ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ፣ ዓይኑ በንፋስ አንብቶ፣ ጕልበቱ ግን ሳይነካ ይደርሳል። ሸክማቸውን አዝለው ሽቅብ የሚወጡትን ሰዎች «አብሽሩ» እያልሁ ሳልፍ፣ እነርሱ በወሎዬ ትሕትና «በሰላም ይግቡ» ብለው መለሱልኝ፤ ከሁለታችን መበረታታት የሚያሻው ማን እንደ ሆነ ግን ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቁ ኖሮ ከመካከላቸው አንዲት እናት ፈገግ አሉ።

ሐይቅ እንደ ደረስሁ ብስክሌቴን በአንድ ሻይ ቤት ግድግዳ አስደግፌ ተቀመጥሁና፣ በዚያ የነበሩትን ሰዎች በየቀኑ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚነዱ መጠየቅ ጀመርሁ። አናጢው «እስከ ድልድዩ ምንም አይደል፤ ከድልድዩ ወዲያ ግን ያለው ነው» አለኝ። ከአትክልት ቦታው ደርሶ የሚመለሰው ጐልማሳ «በበጋ ነው በክረምት?» ሲል ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰልኝ። ከመንገዱ ማዶ በዛፍ ጥላ ሥር ከለመዳሪ ይለጥፍ የነበረው ጎሚስታ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው ፖምፓውን እንደ ያዘ ቀና ብሎ፣ ኪሎ ሜትር የሚቈጥረው ባለ መኪና ነው፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው የሚቈጥረው ዳገት ነው አለ። ካነጋገርኋቸው ሁሉ አንድ ስንኳ በቍጥር የመለሰልኝ አልነበረም።

በእውነቱ ይህ አገር ለብስክሌት የተፈጠረ አይደለም። ባሕር ዳር በጣና ዳር በተንጣለለ ሜዳ ላይ ስለ ተቈረቈረች፣ ብስክሌት በዚያ ለተማሪውም ለፋብሪካው ሠራተኛውም እንደ በቅሎ ሆኖ ኖሯል፤ ሐዋሳም እንዲሁ። በኔዘርላንድማ ምድሩ ልሙጥ ከመሆኑ የተነሣ የብስክሌቱ ቍጥር ከሕዝቡ ቍጥር ይበልጣል። በተሑለደሬና በአምባሰል ግን ምድሩ ለአንድ አፍታ ስንኳ ቀጥ ብሎ መተኛትን የማይወድ ነውና፣ በብስክሌት ሥራ የሚሄደው ሰው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ስለ ሆነም ሁሉ ያውቀዋል፤ የምፈልገውን መምህር ለማግኘት ከአንድ ስኒ ሻይ የበለጠ ጊዜ አልፈጀብኝም።

መምህሩ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ፣ ቀጭን፣ ንግግሩ የተቈጠበ ሰው ነው። ባለቤቱ በከተማው ትሠራለች፤ ልጆቹም በዚያው ይማራሉ፤ እርሱ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ግን በሱሉላ መንገድ፣ ወደ ሚሌ ወንዝ መነሻዎች በሚያዘቀዝቀው ምድር ነው።

«መምህር፣ ትምህርት ቤትዎ ምን ያህል ይርቃል?» አልሁት።

«ስሄድ ነው ስመለስ?» አለኝ።

«መንገዱ አንድ አይደለምን?»

«አስፋልቱማ አንድ ነው፣ ጋሼ። ስሄድ 35 ደቂቃ ነው፤ ስመለስ አንድ ሰዓት ከሩብ። ንፋስ ከፊት ከመጣ ደግሞ አላህ ነው የሚያውቀው።»

ግድ ብዬው ቍጥሩን ሲነግረኝ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ። ደርሶ መልሱ 22፣ በአምስት የሥራ ቀን 110 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው፤ ይህም ከደሴ የተነሣ ሰው ወልድያ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የሚያደርስ መንገድ ነው። የትምህርቱን ዘመን 38 ሳምንት ብንቈጥርለት ከ4,100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ የተሰለፈበት ቱር ደ ፍራንስ በጠቅላላው ከ3,500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። እርግጥ በዚያ ያሉት ተራሮች የበረቱ ናቸው፣ ፍጥነቱም የሚነጻጸር አይደለም፤ ሆኖም ከዚያ ሩጫ በኋላ ማታ ተቀምጦ የስድሳ ተማሪ ደብተር የሚያርም ብስክሌተኛ መኖሩን አልሰማሁም። ይህን ለመምህሩ ብነግረው ሳቀና፣ አባቱ ገረመው ደንቦባን ያነሡ እንደ ነበር አጫወተኝ፤ ገረመው በኅዳር 1949 ዓ.ም. አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሊምፒክ ከባልንጀሮቹ ጋር በብስክሌት የተወዳደረው ስመ ጥር ነው።

በማግሥቱ አብሬው ለመሄድ ተስማማን። እርሱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ነው የሚነሣው፤ እኔም በነግህ ጸሎት ሰዓት ተነሥቼ ከደጁ ደረስሁ። ብስክሌቱ ያለ ማርሽ የሆነ፣ ከባድ፣ ከሌላ ሰው እጅ የተገዛ ነው፤ ካቴናው በዘይት ርሶ ይብለጨለጫል፤ ደብተሮቹ በፌስታል ተጠቅልለው ከኋላ መጫኛው ላይ በጎማ ታስረዋል፤ የቀኝ ሱሪውን እግር ካቴና እንዳይበላው በክር ይሸብበዋል። ከከተማው እንደ ወጣን መንገዱ ተቀበለንና ፔዳል ሳንመታ ብዙ ሄድን። ብዙ ቦታ ላይ ለእግረኛና ለብስክሌት ተብሎ የተተወ ዳርቻ ስለሌለ፣ የጭነት መኪና ከኋላ ሲመጣ መምህሩ ዞር ብሎ ሳያይ በድምፁ ብቻ ክብደቱን ለይቶ፣ ሲያስፈልግ ከአስፋልቱ ወደ ጠጠሩ ይወርዳል፤ እኔም እርሱን አይቼ እወርዳለሁ። በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት የተሠሩትን የብስክሌት መንገዶች አስታወስሁ፤ በዚያ መንገዱ ተዘርግቶ ነጂውን ይጠብቃል፣ በዚህ ነጂው መንገዱን ይጠብቃል፤ ሁለቱ የሚገናኙበትን ቀን የሚያውቅ ባለ ሥልጣን ቢኖር ደስ ይለኛል። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ደወሉ ገና አልተደወለም ነበር።

እርሱ ሲያስተምር እስኪውል ድረስ ወደ ሐይቅ ተመልሼ፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሄድሁ። ገዳሙ ቀድሞ ደሴት የነበረ፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር በተያያዘ ምድር ላይ የቆመ ሲሆን፣ ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና እስከ 88 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ያለው ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞአ ከዳኅና ተነሥተው፣ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ሥርዓተ ምንኵስናን ተምረው፣ ከዚያ እስከዚህ ያለውን ተራራና በረሓ በእግራቸው አቋርጠው መጡ፤ በዚህም ቤተ ትምህርት አቁመው መጻሕፍትን አጻፉ፤ ለርሳቸው የተጻፈው አርባዕቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ መጥተው ደቀ መዝሙራቸው ሆኑ። ያ ትውልድ ለትምህርት ሲል የሄደውን መንገድ ባሰብሁ ጊዜ፣ የመምህሩ 11 ኪሎ ሜትር ያነሰ መሰለኝ፤ ጥቂት ቈይቼ ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። መናኝ ዓለምን ትቶ አንድ ጊዜ ይሄዳል፤ ከደረሰበት ጸንቶ ይቀመጣል። ባለ ትዳር ሠራተኛ ግን ነገ ደግሞ ሊሄደው የዛሬውን መንገድ ይመለሳል፤ ገድል የሚጽፍለትም የለም። በገዳሙ አፀድ ውስጥ ያገኘኋቸው አንድ አረጋዊ መነኵሴ የመጣሁበትን ብስክሌት ትኵር ብለው አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ሽቅብም ይወጣል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ሰውየው ከወጣ ይወጣል፣ አባቴ» ብዬ በረከታቸውን ተቀብዬ ተለየኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ወደ መምህሩ ተመልሼ የመልሱን መንገድ አብረን ጀመርን። የማርሽ ነገር እውነተኛ ትርጕሙ የገባኝ በዚያች ሰዓት ነው። ካቴናው ከፊት በትንሹ፣ ከኋላ በትልቁ ጥርስ ላይ ሲውል፣ እግር አንድ ጊዜ በዞረ ቍጥር ጎማው የሚሄደው መንገድ ያጥራል፣ ሸክሙም በዚያው ልክ ይቀላል፤ ዳገቱ ዋጋውን አይቀንስም፣ በየጥቂቱ እንዲከፈለው ግን ይፈቅዳል። መምህሩ ይህ ምቾት ስለሌለው ከመቀመጫው ተነሥቶ በሙሉ ክብደቱ ፔዳሉን ይረግጣል፤ በሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ያለ አንዳች እፍረት ወርዶ ይገፋል። የሚወርድበትን ድንጋይ ለይቶ ያውቀዋል፤ ከዚያ በላይ አንድ ክንድ ስንኳ አይጨምርም፤ መጨመር የነገውን ጕልበት መብላት ነው ይላል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲያስተምር የዋለ ሰው፣ ምሳው ከአንጀቱ ካለቀ በኋላ፣ ፀሐይ ከአምባሰል ተራሮች ጀርባ ስትዘቀዝቅ የሚወጣው ዳገት፣ ጧት በዕረፍት ጕልበት ከሚወጣው ጋር በሜትር እኩል ቢሆን በሰው ላይ ግን እኩል አይደለም። ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር ሐይቅ ገባን።

በሦስተኛው ቀን ብቻዬን ወደ አምባሰል አለፍሁ። መንገዱ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአስመራ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሠሩት ጐዳና ነው። በግራ በኩል የአምባሰል ተራሮች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ከዜማ ቅኝቶቻችን የአንዱ ስም፣ ጃንጥራር የሚባሉት ገዥዎች አገር፣ ከነዚያም አምቦች አንዱ የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረው ግሸን ደብረ ከርቤ ነው። በመስከረም 21 ቀን ወደዚያ የሚጐርፈው ምእመን የመጨረሻውን ዳገት በእግሩ ይወጣዋል፤ ብስክሌት በዚያ ገደል ፊት የሚያገለግለው ነገር የለም፤ ከዚያ በታች ላለው ሰው ግን ከውጫሌ ገበያ ደርሶ መመለሻ ይሆነዋል።

በውጫሌ ይስማ ንጉሥ ከተባለው ስፍራ አጠገብ አረፍሁ። ዳግማዊ ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተፈራረሙት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህ በፈረንጆች አቈጣጠር 1889 መሆኑ ነው። በፊተኛው ዓመት በ1888 ጆን ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በቤልፋስት ከተማ በአየር የሚነፋውን ጎማ በስሙ አስመዝግቦ ነበር። ነገሥታቱና መልእክተኞቹ በወረቀት ላይ ሲከራከሩ፣ የዚህ አገር መምህር ከመቶ ዓመት በኋላ ተቀምጦ ሥራው የሚሄድበት ነገር በሌላው የዓለም ዳርቻ ተሠርቶ አልቆ ነበር ማለት ነው። ውሉ ፈርሶ በዐድዋ ጦርነት ተዘጋ፤ ጎማው ግን ዛሬም በእሾህ በተወጋ ቍጥር እየተለጠፈ ይሄዳል።

ከውጫሌ ስመለስ መምህሩን በሻይ ቤቱ አገኘሁት። የዝውውር ማመልከቻ በእጁ ይዞ ነበር። የሚጠይቀው ከሐይቅ በላይ፣ በደሴ አቅጣጫ፣ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት እንዲዛወር ነው። ባልደረቦቹ ለሁለት ኪሎ ሜትር ልዩነት ብሎ ጧት ጧት በላብ ተጠምቆ ክፍል ሊገባ ነው እያሉ ይስቁበታል። እርሱ ግን ኪሎ ሜትሩን እንዳልቈጠረው ነገረኝ።

«ላቡንስ ደርሼ እታጠበዋለሁ» አለኝ። «ማታ ግን እንዲሁ ተንሸራትቼ ከቤቴ እደርሳለሁ፤ ልጆቼም ሳይተኙ ያገኙኛል።»

«ቢከለክሉዎትስ?»

«ያው የለመድሁት አለ።»

እኔን የሚጠብቀኝ ደግሞ ከሐይቅ እስከ ደሴ ያለው ነበር። መውጫውን ተመልክቼ፣ የቀረኝን ጕልበት አመዛዝኜ፣ ከመናኸሪያው ገብቼ ወደ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ጠየቅሁ። ረዳቱ ብስክሌቱን ከጣሪያው ላይ ሲያስር፣

«አባቴ፣ ከየት መጡ በዚህ?» አለኝ።

«ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ከዚያም ውጫሌ ደርሼ ተመለስሁ።»

«ያን ሁሉ ከነዱማ ደሴ ለመግባት ምን ቀረዎት?»

«ዳገቱ» አልሁት።

እርሱም ገመዱን አጥብቆ ሲያበቃ ወርዶ፣ ለብስክሌቱ የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምሮ ተቀበለኝ።